ጅቡቲ ከባብ ኤል መንደብ ወዲህ ናት፤ ታዲያ የኮንቴይነሬ ዋጋ ለምን ናረ?

ጥያቄው፦ «የተሽከርካሪ መለዋወጫ ከቻይናው የኒንግቦ ወደብ በባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አስመጣለሁ። ካርታ ላይ ሳየው ጅቡቲ ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ናት፤ ከቻይና የሚመጣ መርከብ የየመን ታጣቂዎች የሆኑት ሁቲዎች በሚተኩሱበት ጠባብ በር ማለፍ አያስፈልገውም። ታዲያ የቀይ ባሕር ግጭት ከጀመረ ወዲህ ዋጋው ለምን ናረ? ዕቃዬስ ለምን ይህን ያህል ይዘገያል? ነገሩ ሲበርድ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ወይ? እስከዚያው ራሴን በምን ልጠብቅ?»

ምላሽ፦

ካርታውን በትክክል አንብበዋል። የጅቡቲ ወደብ የዶራሌ ተርሚናሎች የሚገኙት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ከኒንግቦ የተነሣ መርከብ በማላካ ሰርጥ ወጥቶ የሕንድ ውቅያኖስን ያቋርጥና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል፣ በሩን ሳይሻገር፣ ጅቡቲ ይደርሳል። ዋጋዎ የናረው ግን በዚህ መንገድ ላይ ባለው አደጋ ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት የእርስዎን ዕቃ ይጭን የነበረው መርከብ ሌላ ቦታ፣ በተሻለ ክፍያ፣ መፈለጉ ነው። መዘግየቱም ቢሆን በአብዛኛው የሚፈጠረው ኮንቴይነሩ ከትልቁ መርከብ ወርዶ ትንሹን በሚጠብቅበት መሸጋገሪያ ወደብ ላይ ነው። ዋጋውና መዘግየቱ መነሻቸው የተለያየ ስለሆነ መከላከያቸውም ይለያያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዋጋው ልጀምር። ኖቬምበር 19 ቀን 2023 ሁቲዎች በሄሊኮፕተር ወርደው ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መኪና ጫኝ መርከብ ከ25 ሠራተኞቿ ጋር ያዙ። በዲሴምበር አጋማሽ ሜርስክ፣ ሃፓግ ሎይድና ኤምኤስሲ በቀይ ባሕር ማለፍ አቆሙ፤ መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ፣ ማዞር ጀመሩ። ከሲንጋፖር ሮተርዳም በሱዌዝ በኩል 8,400 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ በኬፕ በኩል 11,800 ገደማ ይሆናል። የ3,400 ማይል ልዩነት በ16 ኖት (በሰዓት 16 የባሕር ማይል) ለሚጓዝ መርከብ የዘጠኝ ቀን መንገድ ነው። ይህ ለአንድ ጉዞ ነው፤ ደርሶ መልሱ 18 ቀን ይጨምራል።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የኮንቴይነር መስመር እንደ አውቶቡስ በቋሚ ፕሮግራም ይሠራል፤ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን ከእያንዳንዱ ወደብ አንድ መርከብ መነሣት አለበት። ስለዚህ አንድ መስመር ስንት መርከብ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ የዙሩን ቀን ለሰባት ማካፈል ነው። ከሩቅ ምሥራቅ ሰሜን አውሮፓ ደርሶ የሚመለስ ዙር 84 ቀን ቢፈጅ 12 መርከብ ይበቃዋል። 18 ቀን ሲጨመርበት 102 ይሆናል፤ 102 ደግሞ ለሰባት እኩል አይካፈልም። ኩባንያው ወይ ትንሽ ፈጠን ብሎ በ98 ቀን በ14 መርከብ ይሠራዋል፣ ወይ ወደ 105 ቀን አሳድጎ 15 መርከብ ያሰማራል። መፍጠኑም በነጻ አይደለም፦ የመርከብ ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር የቀን የነዳጅ ፍጆታው በሲሶ ገደማ ይጨምራል። በየትኛውም መንገድ፣ የሚጓጓዘው ዕቃ ሳይጨምር፣ ያንኑ ሥራ ለመሥራት በእያንዳንዱ ሳምንታዊ መስመር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ተጨማሪ ግዙፍ መርከቦች ያስፈልጋሉ።

እነዚያ መርከቦች ከየት መጡ? ገሚሶቹ ከመርከብ ፋብሪካ አዲስ የወጡ ናቸው፣ ገሚሶቹ በውድ ኪራይ የተያዙ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከትንንሽ ገበያዎች የተነሡ። ጅቡቲ ትንሽ ገበያ ናት። ሲንጋፖር በ2024 ባለ 20 ጫማ ተብሎ ሲሰላ ከ41 ሚሊዮን በላይ ኮንቴይነር አስተናግዳለች፤ ከዚህ ጋር የእኛ ወደብ ድርሻ ከቁጥር አይገባም። አንድ የመርከብ ኩባንያ መርከብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚያሳጥረው እንዲህ ያለውን መስመር ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ቀድሞ ወደ ሱዌዝ የሚያልፉ መርከቦች መንገዳቸው ላይ ስለሆነች ጅቡቲን ወይም ጅዳን ጎራ ብለው ያራግፉ ነበር። መንገዱ ሲዞር ያ «እግረ መንገድ» ጠፋ። አሁን ጅቡቲ የሚመጣ መርከብ ለቀይ ባሕርና ለኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች ብሎ ለብቻው መምጣት አለበት፤ ወጪውም የሚከፈለው በእነዚህ ወደቦች ዕቃ ላይ ነው።

ለዚህ ነው የኒንግቦ–ጅቡቲ ዋጋ የሻንጋይ–ሮተርዳምን ዋጋ ተከትሎ የሚወጣው። በኖቬምበር 2023 ከሻንጋይ ሮተርዳም ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ከ1,500 ዶላር በታች ነበር። በጃንዋሪ 2024 ከ4,500 ዶላር አለፈ፤ በጁላይ 2024 ከ8,000 በላይ ደረሰ። የመርከቡ ባለቤት አንድ መርከብ ሲኖረው አውሮፓ ልኮ ያን ያህል የሚያገኝ ከሆነ፣ ወደ ጅቡቲ የሚልከው ተቀራራቢ ገቢ ሲያገኝ ብቻ ነው። የእርስዎ ዕቃ በባብ ኤል መንደብ አለማለፉ ለዚህ ሒሳብ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው የዋጋ ምንጭ የጦርነት መድን ነው። ይህ በቀጥታ ይመለከተናል። በለንደን የሚገኘው የመድን ገበያ የጦርነት ኮሚቴ አደገኛ የሚላቸውን ባሕሮች ዝርዝር ያወጣል፤ ደቡባዊ ቀይ ባሕርም የኤደን ባሕረ ሰላጤም በዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ጅቡቲ ለመግባት የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ማቋረጥ ግድ ነው። መርከብ ወደተዘረዘረ ባሕር ሲገባ መደበኛው የጦርነት መድኑ አይበቃውም፤ ለዚያ ጉዞ፣ ብዙውን ጊዜ ለሰባት ቀን፣ ተጨማሪ አረቦን በመርከቡ ዋጋ መቶኛ ይከፈላል። በ2024 መጀመሪያ ለባብ ኤል መንደብ ጉዞ የሚጠየቀው ከ0.7 እስከ 1 በመቶ ደርሶ ነበር። በሩን ሳያልፍ ጅቡቲ ለሚገባ መርከብ የሚጠየቀው ያነሰ ቢሆንም ባዶ አይደለም፤ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥም መርከብ ተመትቷልና። ማርች 6 ቀን 2024 ከኤደን ከተማ 50 የባሕር ማይል ገደማ ላይ በትሩ ኮንፊደንስ መርከብ ላይ ሦስት መርከበኞች ሞተዋል። ከሶማሊያ ጠረፍ ራቅ ብሎም የባሕር ላይ ዘረፋው አገርሽቷል።

አረቦኑ በአንድ ኮንቴይነር ስንት እንደሚደርስ በምሳሌ እንይ። 120 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ 12,000 ኮንቴይነር የጫነ ትልቅ መርከብ በ0.5 በመቶ 600,000 ዶላር ይከፍላል፤ በኮንቴይነር 50 ዶላር ነው። 20 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ 800 ኮንቴይነር የጫነ ትንሽ ፊደር መርከብ (ከመሸጋገሪያ ወደብ ወደ ትንንሽ ወደቦች የሚያመላልስ) በዚያው መቶኛ 100,000 ዶላር ይከፍላል፤ በኮንቴይነር 125 ዶላር። ለጅቡቲ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ነው። በዚህ ላይ በተዘረዘረ ባሕር ለሚሠሩ መርከበኞች የሚከፈል የደመወዝ ጭማሪና የጥበቃ ወጪ አለ። እንዲህም ሆኖ፣ «የጦርነት ሰርቻርጅ» (ጭማሪ ክፍያ) ተብሎ በኮንቴይነር ብዙ መቶ ዶላር ሲጠየቁ ሙሉው አረቦን እንዳልሆነ ይወቁ። መደራደር የሚቻልበት ክፍያ ነው፤ በተለይ በዓመት ውስጥ ከአንድ ትራንዚተር ጋር ብዙ ኮንቴይነር የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ።

አሁን ወደ መዘግየቱ። ኮንቴይነርዎ ከኒንግቦ በቀጥታ መርከብ ካልመጣ በኦማኗ ሳላላ፣ በኤምሬትስ ጀበል አሊ ወይም ኮር ፋካን፣ በስሪላንካዋ ኮሎምቦ ወይም በሲንጋፖር ይሸጋገራል። በ2024 አጋማሽ ሲንጋፖርና ኮሎምቦ በተደራረቡ መርከቦች ተጨናንቀው ነበር፤ በኬፕ የሚዞሩ መርከቦች ፕሮግራማቸውን ስለሚስቱ፣ ያልጠበቁት መርከብ በአንድ ላይ ይመጣል፣ ተርሚናሉ ይሞላል። ትልቁ መርከብ ሁለት ቀን ቢዘገይና ፊደሩ ጥሎት ቢሄድ ዕቃዎ የሚዘገየው ሁለት ቀን አይደለም፤ ቀጣዩ ፊደር እስኪመጣ አንድ ሳምንት፣ ፊደሩ በሁለት ሳምንት አንዴ ከሆነ 14 ቀን ነው። ቀጣዩ ፊደር ደግሞ ሞልቶ ከመጣ ሌላ ዙር ይጠብቃል። ሁለት መሸጋገሪያ ካለበት ዕድሉ ይብሳል። አንድ ወር የነበረው ሁለት ወር የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ መርከቡ በባሕር ላይ ቀስ ብሎ አይደለም።

ከአውሮፓና ከቱርክ የሚያስመጡ ሰዎች ችግር ከዚህ ይለያል። የእነሱ ዕቃ ወይ በሱዌዝና በባብ ኤል መንደብ ማለፍ አለበት፣ ወይ አፍሪካን ዞሮ መምጣት አለበት። ለእነሱ ቀኑም ዋጋውም በቀጥታ መንገዱ ላይ ነው የሚጨምረው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ፦ ይህ ሁሉ የጦር መርከብ እያለ ለምን መንገዱ አይከፈትም? ጅቡቲ ውስጥ የአሜሪካው ካምፕ ሌሞኒየር፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓንና የጣሊያን ሰፈሮች፣ ከኦገስት 2017 ጀምሮም በዶራሌ አጠገብ የቻይና የጦር ሰፈር አሉ። አሜሪካ በዲሴምበር 2023 የጋራ ዘመቻ አውጃለች፣ የአውሮፓ ኅብረት በፌብሩዋሪ 2024 አስፒደስ የተባለ አጃቢ ኃይል አሰማርቷል። ብዙ ሚሳኤልና ድሮን መትተው ጥለዋል፤ ነገር ግን ሒሳቡ አልገጠመም። ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ ሚሳኤል የሚመታው ድሮን በሺዎች ዶላር የሚሠራ ነው። በ2023 በሱዌዝ 26,000 ገደማ መርከብ አልፏል፤ ያን ሁሉ ማጀብ አይቻልም። በ2024 ቁጥሩ ወደ 13,000 ወርዷል። መድን ሰጪ ደግሞ የሚያየው ስንት ሚሳኤል እንደከሸፈ አይደለም፤ የመጨረሻው መርከብ መቼ እንደተመታ ነው። ጁላይ 2025 ላይ፣ ከወራት ጸጥታ በኋላ፣ ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ በቀናት ልዩነት ተመትተው ሰመጡ፤ የመመለስ ተስፋው እንደገና ወደኋላ ተጎተተ።

ወገን መለየትም አስተማማኝ ዋስትና አልሆነም። በርካታ መርከቦች በመለያ ምልክታቸው ላይ «ሠራተኞቹ በሙሉ ቻይናውያን ናቸው» ብለው እየጻፉ ያልፉ ነበር። ሆኖም ማርች 2024 ላይ ቻይናዊ ባለቤት ያላት ሁዋንግ ፑ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ተመታለች፤ በቀድሞው የባለቤትነት መዝገብ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይገመታል። በኋላም ሁቲዎች እስራኤል ወደብ የገባ መርከብ ያለውን ኩባንያ ሌሎች መርከቦቹንም እንደሚመቱ አስታወቁ። ስለዚህ ትራንዚተርዎ «የቻይና መርከብ ስለሆነ ችግር የለውም» ሲልዎት የተወሰነ እውነት ቢኖረውም ሙሉ በሙሉ አይመኑት።

በወደብ ንግዱም ፉክክር አለ። የዶራሌን ኮንቴይነር ተርሚናል የዱባዩ ዲፒ ወርልድ ያስተዳድረው ነበር፤ ጅቡቲ በፌብሩዋሪ 2018 ውሉን አፍርሳ ወሰደችው፣ ክርክሩም በለንደን የግልግል ዳኝነት ለዓመታት ቀጠለ። የቻይናው ቻይና መርቻንትስ በጅቡቲ ወደብ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ አለው። ዲፒ ወርልድ ደግሞ በበርበራ ላይ አተኩሯል። አስመጪው ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ አንድ የመርከብ መስመር ጅቡቲን ትቶ በርበራን ሲመርጥ ምክንያቱ የእርስዎ ዕቃ መጠን ላይሆን ይችላል። ከጀርባው የኩባንያዎቹ ግንኙነት ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ወደብ ብቻ መታመን የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ነገሩ ሲበርድ ዋጋው ይመለሳል ወይ ላሉት፦ ይመለሳል፣ ግን ተኩስ በቆመ ማግስት አይደለም፣ ሙሉ ምክንያቱም ሰላሙ ብቻ አይሆንም። በ2024 ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ባለ 20 ጫማ አቅም ያላቸው አዳዲስ መርከቦች ሥራ ጀመሩ። በዚህ ምክንያት በ2025 መጨረሻ፣ አብዛኛው መርከብ ገና በኬፕ እየዞረ ሳለ፣ የሻንጋይ–ሮተርዳም ዋጋ ከ3,000 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። የመርከብ ብዛት ከመንገድ ርዝመት በላይ ዋጋን ይወስናል። ኩባንያዎቹ ወደ ሱዌዝ በጅምላ ሲመለሱ በየመስመሩ ሁለትና ሦስት መርከብ ትርፍ ስለሚሆን ዋጋው ይበልጥ ይወድቃል፤ በጥሩ ጊዜ የዓመት ውል የሚገባ አስመጪ ይጠቀማል። ነገር ግን በሽግግሩ ጥቂት ሳምንታት ቀድመው በኬፕ የተነሡትና ኋላ በሱዌዝ የተነሡት መርከቦች አውሮፓ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ፤ ወደቦቹ ይጨናነቃሉ፣ ባዶ ኮንቴይነር ወደ እስያ መመለሱ ይዘገያል። የዚያን ጊዜ ኒንግቦ ላይ ባዶ ባለ 40 ጫማ ማግኘት ሊቸግር ይችላል። ስለዚህ «መንገዱ ተከፈተ» የሚል ዜና ሲሰሙ ለሁለት ወር ያህል ትዕዛዝዎን ቀደም ብለው ይስጡ።

ራስን ወደ መጠበቁ ስንመጣ፣ ብዙ አስመጪ የሚደራደረው በፍሬቱ (በማጓጓዣ ክፍያው) ላይ ብቻ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ አገልግሎቱ እንዲጠይቁ እመክራለሁ። የአገልግሎቱ ስም ማን ነው? ቀጥታ ነው ወይስ መሸጋገሪያ አለው? የት ነው የሚሸጋገረው? ከመሸጋገሪያው ወደ ጅቡቲ ፊደር በስንት ቀን አንዴ ይነሣል? ከሁለት አማራጮች አንዱ 200 ዶላር ረክሶ ሁለት መሸጋገሪያ ካለው፣ ውዱን ቀጥታ መርከብ ይምረጡ። መለዋወጫ በሰዓቱ አለመድረሱ የሚያስከፍልዎት ከ200 ዶላር በላይ ነው። በሳላላና በጀበል አሊ መካከል ምርጫ ካለዎትም ሳላላ በአረብ ባሕር ዳር ያለች ወደብ ስለሆነች ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ በሚያስገባው የሆርሙዝ ሰርጥ መግባት አያስፈልግም፤ ጀበል አሊ ግን ከሆርሙዝ ውስጥ ናት፤ ኢራንና እስራኤል በጁን 2025 ሲዋጉ የታየው ስጋት ይህ ነው። ኮር ፋካን ከሆርሙዝ ውጭ ናት።

ዋጋ ሲቀበሉ ሁሉንም ያካተተ ይሁን፦ መሠረታዊው ፍሬት፣ የነዳጅ ጭማሪ፣ የጦርነት ጭማሪ፣ የተርሚናል ክፍያ። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናና ጭማሪ ቢታወጅ የትኛው ቀን እንደሚወስን በጽሑፍ ያስጠይቁ። አንዳንዱ ኩባንያ ኮንቴይነሩ ተርሚናል በገባበት ቀን ይወስናል፣ አንዳንዱ መርከብ ላይ በተጫነበት። መርከቡ ከዘገየ የሁለተኛው ውል አዲሱን ጭማሪ እርስዎ ላይ ይጥላል።

በግዢ ውሉ ላይ «ሲአይኤፍ ጅቡቲ» ስለተባለ አደጋው እስከ ጅቡቲ የሻጩ ነው ብለው አይታለሉ። በሲአይኤፍ ሻጩ ፍሬቱን ይክፈል እንጂ አደጋው ወደ እርስዎ የሚተላለፈው ዕቃው ኒንግቦ ላይ መርከብ ላይ ሲጫን ነው። ሻጩም ለእርስዎ ሲል ውድና ፈጣን መርከብ አይመርጥም፤ የሚገዛልዎትም መድን ዝቅተኛው፣ ክሎዝ ሲ የሚባለው፣ ሊሆን ይችላል። መርከቡንና መድኑን ራስዎ መምረጥ ከፈለጉ ሻጩ ዕቃውን ቻይና ላይ አስረክቦ ፍሬቱን እርስዎ የሚከፍሉባቸው ውሎች፣ ኤፍሲኤ ወይም ኤፍኦቢ፣ ይሻላሉ።

ቢል ኦፍ ሎዲንጉን (የመርከብ ኩባንያው የሚሰጠውን የጭነት ሰነድ) ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ። ሁሉም የመርከብ ኩባንያ፣ አደጋ ካለ ወይም ወደብ ከተዘጋ፣ ዕቃውን በሌላ ወደብ አራግፎ ጉዞው አለቀ የማለት መብት ለራሱ ይጽፋል። ያኔ ከዚያ ወደብ ጅቡቲ ለማድረስ የሚወጣው ወጪና የመጋዘን ኪራይ በእርስዎ ላይ ነው። ይህን አንቀጽ ማስቀየር አይቻልም፤ ግን ቦታ ሲይዙ በኢሜይል «ዕቃው ጅቡቲ ካልደረሰ ወጪው የማን ነው?» ብሎ አስጠይቆ መልሱን መያዝ ይቻላል። ፊት ለፊት ላይ ደግሞ መድረሻው ጅቡቲ ሆኖ ዕቃው ወደ ኢትዮጵያ የሚተላለፍ መሆኑ መጻፉን ያረጋግጡ። የጎደለ ከሆነ ጅቡቲ ላይ የሚያስተካክሉበት ጊዜ በዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ሲቆይ በሚከፈል ቅጣት) ነው የሚቆጠረው።

ኤልሲ (ባንኩ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የሚከፍቱ ከሆነ የመጨረሻውን የመጫኛ ቀን ሰፋ ያድርጉት፤ ባዶ ኮንቴይነር ወይም የመርከብ ቦታ ቢጠፋ ማሻሻያ ማስከፈት ከባንኩ ክፍያ በላይ ጊዜ ይፈጃል። መሸጋገርን ለመከልከል ብለው «ትራንሺፕመንት አይፈቀድም» ማለትዎም አያድንዎትም፦ በዓለም አቀፉ የዶክመንታሪ ክሬዲት ደንብ፣ ዩሲፒ 600 አንቀጽ 20፣ በኮንቴይነር የተጫነ ዕቃ ይሸጋገራል የሚል ቢል ኦፍ ሎዲንግ በኤልሲው ቢከለከልም ተቀባይነት አለው። ቀጥታ መርከብ ከፈለጉ በግዢ ውሉና በመርከብ ምርጫው ላይ ነው ማስገደድ ያለብዎት።

የመድን ጉዳይ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ሰፊው ሽፋን ክሎዝ ኤ ነው፤ ነገር ግን ክሎዝ ኤ ራሱ ጦርነትን አያካትትም። የጦርነትና የአድማ ሽፋን ለየብቻ ይገዛል፤ ከፖሊሲው ላይ ሁለቱም መጻፋቸውን ያረጋግጡ። የጦርነት ሽፋኑ ሁለት ነገር አለው፣ ብዙ ሰው ጉዳት ሲደርስ ነው የሚያውቀው። አንደኛ፣ ከመሸጋገሪያ ወደብ በቀር፣ የሚሠራው ዕቃው መርከብ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ በመሸጋገሪያ ወደብ መርከቡ ከደረሰ በኋላ 15 ቀን ይቆያል፤ ከ15 ቀን በላይ እዚያው ከተቀመጠ ሽፋኑ ይቋረጣል፣ እንደገና የሚጀምረው ኮንቴይነሩ ሌላ መርከብ ላይ ሲጫን ነው። ፊደሩ ሁለት ጊዜ ጥሎት ከሄደ ያ 15 ቀን ሊያልቅ ይችላል። መድን ሰጪውም በሰባት ቀን ማስታወቂያ የጦርነት ሽፋኑን መሰረዝ ይችላል፤ ስለዚህ ዕቃው ከመጫኑ በፊት አረቦኑን አስወስነው ይክፈሉ። መዘግየት ብቻውን ያመጣው ኪሳራ ደግሞ፣ መዘግየቱ በጦርነት የመጣም ቢሆን፣ በየትኛውም ክሎዝ አይካስም።

ጀነራል አቬሬጅ የሚባለውን ይወቁ። መርከቡ ሲቃጠል፣ መሬት ሲነካ ወይም ሲመታ መርከቡንና ዕቃውን ለማዳን የወጣው ወጪ በመርከቡ ባለቤትና በዕቃ ባለቤቶች ሁሉ ላይ በንብረታቸው መጠን ይከፋፈላል። ወጪው 10 ሚሊዮን፣ የዳነው ንብረት ሁሉ 200 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን ድርሻው 5 በመቶ ነው፤ የ60,000 ዶላር መለዋወጫ ያለው ሰው፣ ዕቃው አንድ ጭረት ባይነካውም፣ 3,000 ዶላር ይጠየቃል። ዕቃው አይለቀቅም ዋስትና እስኪቀርብ። መድን ካለዎት ኩባንያው የዋስትና ደብዳቤ ይሰጣል፣ እርስዎ ደግሞ ግዴታ ይፈርማሉ፤ መድን ከሌለዎት ጥሬ ገንዘብ ያስይዛሉ። ኤቨር ጊቭን በማርች 2021 ሱዌዝን ለስድስት ቀን ዘግታ ስትወጣ ጀነራል አቬሬጅ ታውጆ ነበር፤ ግብፅም ካሳ እስኪስማሙ መርከቧን እስከ ጁላይ 7 ይዛ አቆየቻት። ዕቃቸው በእሷ ላይ የነበረ ነጋዴዎች ከሦስት ወር በላይ ጠብቀዋል።

ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ያለው የእርስዎ ቁጥጥር ነው። በመልቲሞዳል ካስመጡ እስከ ደረቅ ወደቡ፣ ለምሳሌ እስከ ሞጆ፣ ኃላፊው አጓጓዡ ነው፤ በዩኒሞዳል ካስመጡ ከጅቡቲ ጀምሮ ያለው የእርስዎ ነው። በዩኒሞዳል ዶክመንቱ መርከቡ ከመድረሱ በፊት ጅቡቲ ያለው ወኪልዎ እጅ ይግባ። ከመርከብ ኩባንያው ጋር በፍሪ ታይም (ያለ ክፍያ በሚሰጠው ቀን) ላይ ይደራደሩ፤ ኮንቴይነሩ አዲስ አበባ ደርሶ ባዶው ተመልሶ ጅቡቲ እስኪገባ ድረስ ዲቴንሽን (ኮንቴይነሩን ለማቆየት የሚከፈል) ይቆጠራል። የመርከቦች መምጫ ሲዛባ ብዙ መርከብ በአንድ ሳምንት ይገባና መኪናም ባቡርም ይጠፋል። በዚያ ጊዜ ሰባት ተጨማሪ ነጻ ቀን ከፍሬት ቅናሽ ይበልጣል።

የክምችት መጠንዎንም በአማካይ ቀን አያስሉ። ለምሳሌ በወር አራት ኮንቴይነር የሚሸጡ ከሆነና ከትዕዛዝ እስከ ሞጆ በአማካይ 55 ቀን፣ በከፋ ጊዜ 85 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ በመጋዘን ሁልጊዜ መኖር ያለበት የ30 ቀኑ ልዩነት፣ ማለትም አራት ኮንቴይነር፣ ነው። ያለፉትን ጭነቶችዎን የመነሻና የመድረሻ ቀን በሰንጠረዥ ይያዙ፤ ቁጥሩን ከዚያ ያውጡ እንጂ ትራንዚተሩ ከሚነግርዎት ቀን አይነሡ። ለቻይና አዲስ ዓመት ፋብሪካዎች ስለሚዘጉ ከዚያ በፊት ያለው ወር ዋጋም ቦታም የሚጠብበት ነው።

ስለ አማራጭ መንገዶች ባጭሩ። በርበራ ከጅቡቲ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ አማራጭ ናት፤ ግን እሷም በዚያው በኤደን ባሕረ ሰላጤ ስለሆነች የጦርነት መድኑን አታስቀርልዎትም፤ የምትጠቅመው ጅቡቲ ሲጨናነቅ ወይም መስመሩ ሲቀር ነው። የኬንያዋ ላሙ ከአደጋው ክልል የራቀች ብትሆንም ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ የየብስ መንገዱ ረጅም ነው። ፖርት ሱዳን ከበሩ በስተሰሜን ስለሆነች፣ በዚያ ላይ የሱዳን ጦርነት ስላለ፣ ከቻይና ለሚመጣ ዕቃ አልመክራትም። ለአስቸኳይ ዕቃ ግን ባሕርና አየርን ማቀናጀት አለ፦ ዕቃው በመርከብ እስከ ጀበል አሊ ይመጣና ከዱባይ በካርጎ አውሮፕላን ቦሌ ይገባል። ከሙሉ አየር ይረክሳል፣ ከሙሉ ባሕር ይፈጥናል። ለሙሉ ኮንቴይነር ፍሬን ሸራ አያዋጣም፤ ለኢንጀክተር፣ ለሴንሰር፣ ለቱርቦ ዓይነት ቀላልና ውድ ዕቃ ግን ያዋጣል። ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ውስጥ ቶሎ የሚሸጡትን ቀላል ዕቃዎች ለይተው በአንድ ፓሌት ከላኩ፣ ዋናው ኮንቴይነር ሳላላ ላይ ፊደር ቢያመልጠው እንኳ ሱቅዎ ባዶ አይሆንም።